ስለ «መሥራት»ና ስለ «ማድረግ» በሰው በተፈጠሩ ቋንቋዎች



ቋንቋ እንደ ድልድይ በንድፍ ይሠራል ቢባል ለብዙ ሰው ፌዝ ይመስላል። ነገር ግን የዓይን ሐኪሙ ሉድቪክ ዛሜንሆፍ እ.ኤ.አ. በ1887 ዋርሶ ላይ ኤስፔራንቶን ለሕዝብ ሲያቀርብ ያደረገው ይኸንኑ ነበር። እንዲህ ያለ ቋንቋ የሚነድፍ ሰው ከሚገጥሙት ችግሮች መካከል መሐንዲስን ይበልጥ የሚመለከተው የመሥራትና የማድረግ ግሦች አቋም ነው፤ ማን ሠራ፣ በምን ሠራ፣ ማንስ አሠራ የሚሉት ጥያቄዎች ሁሉ የሚንጠለጠሉት በእነርሱ ላይ ነውና።

ኤስፔራንቶ «አደረገ»ንም «ሠራ»ንም ፋሪ በሚባል አንድ ግሥ ይወጣቸዋል። ይህ ድህነት ሊመስል ይችላል፤ ዳሩ ግን የቋንቋው ጉልበት ያለው በቅጥያዎቹ ላይ ነው። ቦሊ ማለት መፍላት ሲሆን፣ ኢግ የተባለው ቅጥያ ሲጨመርበት ቦሊጊ፣ ማለትም ማፍላት ይሆናል። እንደዚሁም ኮንስትሩኢ መገንባት፣ ኮንስትሩኢጊ ማስገንባት ነው። «ፈላ፣ አፈላ»፣ «ገነባ፣ አስገነባ» እያለ ላደገ ሰው ይህን ለመረዳት አስተማሪ አያሻውም። አማርኛ በግሡ ፊት የሚያስቀድመውን ዛሜንሆፍ በስተኋላ ቀጠለው፤ አማርኛ እንደ ግሡ ጠባይ አንዴ አ ሌላ ጊዜ አስ ሲል፣ ኤስፔራንቶ ለሁሉም ኢግን ብቻ ይጠቀማል። የሥራ ውል ያዘጋጀ ባለሙያ በ«ገነባ»ና በ«አስገነባ» መካከል ያለው የኃላፊነት ርቀት ምን ያህል እንደሆነ አይስተውም።

ንድፉ በብርቱ የተፈተነው በመሣሪያዎች ስም ላይ ነው። ሴጊ በመጋዝ መቁረጥ ነው፤ መሣሪያው ከግሡ ተወልዶ ሴጊሎ ይባላል። ማርቴሎ ግን ራሱ መዶሻ ነው፤ ግሡ ማርቴሊ ከመሣሪያው ይወለዳል። አንዱ ሥር ድርጊት፣ ሌላው ዕቃ መሆኑን ፊደሉ አይናገርም፤ ተማሪው በቃሉ መያዝ አለበት። (አማርኛም ከዚህ ነፃ አይደለም፤ «መሰርሰሪያ» ከ«ሰረሰረ» ሲወጣ፣ ስለ መዶሻ ግን በዕለት ንግግር «በመዶሻ መታ» ይባላል።) የስዊስ የሒሳብ ሊቅ ሬኔ ደ ሶሱር እያንዳንዱ ሥር የስምነት ወይም የግሥነት ጠባዩን ከውስጡ ይዞ ይገኛል ሲል ሥርዓቱን ተከላከለ። ፈረንሳዊው ፈላስፋ ሉዊ ኩቱራ በበኩሉ ይህን አልተቀበለም፤ ከስም ወደ ግሥ የተሄደበት መንገድ ያለ ስሕተት መመለሻ ሊኖረው ይገባል አለ። በ1907 ብቅ ያለውና እርሱ የቆመለት ኢዶ፣ በመሣሪያ መሥራትን የሚያመለክት አግ የተባለ ልዩ ቅጥያ ጨምሮ ማርቴላጋር ይላል። የኩቱራ መንገድ ትክክለኛነቱ አያጠራጥርም፤ ነገር ግን ሠራተኛ መዶሻ ባነሣ ቁጥር አንድ ቅጥያ እንዲያስታውስ ማስገደድ ለአፍ ከባድ ነው።

ክርክሩ በፈላስፎች ዘንድ ብቻ አልቀረም። ኦስትሪያዊው መሐንዲስና የፋብሪካ ባለቤት ኦይገን ቩስተር ከ1923 ጀምሮ ሰፊ የኤስፔራንቶና የጀርመንኛ መዝገበ ቃላት አሳተመ። በ1931 ደግሞ የቴክኒክ ቃላት በዓለም አቀፍ ደረጃ ስለሚወሰኑበት ሁኔታ መጽሐፍ ጻፈ። ዛሬ በዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ውስጥ ስለ ስያሜ የሚሠራው ኮሚቴ 37 ከዚህ ሥራ ጋር የተያያዘ ታሪክ አለው።

ከ1987 ጀምሮ በአሜሪካ የተነደፈው ሎጅባን ከሁሉም ራቅ ብሎ ሄዷል። በሎጅባን ዝባሱ የሚለው ቃል ሦስት ቦታዎች አሉት፤ የመጀመሪያው ለሠሪው፣ ሁለተኛው ለተሠራው፣ ሦስተኛው ለተሠራበት ጥሬ ዕቃ ነው። አንድን ነገር በፈቃዱ ያደረገ ሰው በጋስኑ ይገለጻል፤ ጎርፍ ግድግዳ ሲጥል ግን የሚነገረው ሪንካ በሚለው ሌላ ቃል ነው። «ድልድዩ ተሠራ» የሚል ዘገባ በሎጅባን ሲጻፍ የሠሪው ቦታ ባዶ ሊተው ይችላል፤ ነገር ግን በቅጽ ላይ እንዳልተሞላ መስመር ቦታው ራሱ አይጠፋም፤ አንባቢውም «ማ» የሚለውን መጠየቂያ እዚያ አስገብቶ «ማን?» ሊል ይችላል።