የመርጡለ ማርያም ድንጋዮች
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ከአንድ ተማሪ የተነገረ)



ጥንታዊ ሕንፃ ለማየት የግድ አክሱም መሄድ የሚያስፈልግ የሚመስለን ብዙዎች ነን። ዳሩ ግን በዚሁ በምሥራቅ ጎጃም፤ በመርጡለ ማርያም፤ የጥንት ቤተ ክርስቲያን ፍራሽ ቆሞ ይገኛል። በዚያ ስፍራ ከ500 ዓመት በፊት ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት ከሐድያ የተወለዱት እቴጌ እሌኒ ናቸው። ሕንፃው በግራኝ አሕመድ ጦርነት ጠፋ፤ በ17ኛው መቶ ዓመት የካቶሊክ ሚስዮናውያን እንደገና ሠሩት፤ ዳግመኛም ፈረሰ። አበባ የተቀረጸባቸው ድንጋዮች ግን እስከ ዛሬ ይመሰክራሉ።

ከፍራሽ ላይ ድንጋይ አንሥቶ አጥር ማጠር ቀላል ነገር ይመስላል። ነገር ግን ከቦታው የተነሣ ድንጋይ ምስክርነቱን ያጣል። ስለዚህ ወላጆቻችን ሆይ፤ ማረሻችሁ ጥርብ ድንጋይ ወይም የሸክላ ስባሪ ቢያወጣ፤ ሳታነሡ ንገሩን። እኛ ልጆቻችሁ እንጽፈዋለን።