ከሜዳው ዳር የሚቆም አለቃ

የምረቃ ንግግር አብዛኛውን ጊዜ ለተመራቂው ነው የሚደረገው። የእኔ ግን ዛሬ ወደ ፊተኞቹ ወንበሮች፣ እነዚህን ወጣቶች በሥራ ቦታ ወደሚቀበሉት አለቆች ያደላል። ተመራቂዎች ቅር አይበላችሁ፤ ጥቂት ዓመት ነው፣ እናንተም እዚያው ወንበር ላይ ትቀመጣላችሁ።

በመሥሪያ ቤቶቻችን አዲስ ሠራተኛን ማብቃት ሲባል ብዙ ጊዜ ምክር መስጠት ማለት ሆኗል። ልጁ ይመጣል፣ ከአንድ ነባር ባለሙያ ጋር ይጣመራል፣ “ጥያቄ ካለህ ቢሮዬ ክፍት ነው” ይባላል። ጀማሪ ግን ምን እንደማያውቅ ገና አያውቅም፤ ስለዚህ አይጠይቅም። ነባሩ ደግሞ ጥያቄ ስላልመጣለት ሁሉ ነገር ደህና ይመስለዋል። የታዳጊዎች አሰልጣኝ እንዲህ ልሥራ ቢል ቡድን አይኖረውም። እሱ ጥያቄ አይጠብቅም። ሜዳው ዳር ቆሞ ያያል፣ ያየውን እዚያው ይናገራል፣ ልጁ ሲደግመው እንደገና ያያል። ዛሬ የምሟገትለት ይህንኑ ነው፦ ጀማሪን ለሙያ የሚያበቃው ከምክር ብዛት ይልቅ ሥራው ላይ እያለ ቀርቦ የሚያየው ሰው ነው።

ማስረጃ ፍለጋ ከአገር መውጣት አያስፈልግም። አርሲ ውስጥ በቆጂ የምትባል የደጋ ከተማ አለች። ስንታየሁ እሸቱ እዚያ የስፖርት መምህር ነበሩ። ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለ፣ ጥሩነሽ ዲባባና ቲኪ ገላና በታዳጊነታቸው በእሳቸው እጅ አልፈዋል። ደራርቱ እ.ኤ.አ. በ1992 ባርሴሎና ላይ በ10,000 ሜትር ስታሸንፍ የኦሎምፒክ ወርቅ ያጠለቀች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ፋጡማ በ1996 አትላንታ ላይ የማራቶንን ወርቅ ወሰደች። በ2008 ቤይጂንግ ላይ በወንዶችም በሴቶችም የ5,000 እና የ10,000 ሜትር አራቱን ወርቆች የወሰዱት ሁለቱ የበቆጂ ልጆች፣ ቀነኒሳና ጥሩነሽ ናቸው። ቲኪ በ2012 ለንደን ላይ ማራቶንን በኦሎምፒክ ክብረ ወሰን አሸነፈች። ይህን ዝርዝር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ የማይስተዋለው ሌላ ነገር ነው። እነዚህ አትሌቶች የዓለም አደባባይ ላይ ሲወጡ በሌላ ክለብና በሌላ አሰልጣኝ ሥር ነበሩ። ስንታየሁ የያዟቸው ገና ማንም ሳይሆኑ፣ ስማቸውን ከሰፈራቸው ውጭ የሚያውቅ ሳይኖር ነው። የመሥሪያ ቤት አለቃም አዲስ ተመራቂ የሚረከበው ልክ በዚያ ደረጃ ላይ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ሰው “በቆጂን በቆጂ ያደረጋት ከፍታዋ ነው፣ 2,800 ሜትር ላይ ያደገ ልጅ እንዴት አይሮጥም?” ሊለኝ ይችላል። ከፍታው እንደሚያግዝ አልክድም። ነገር ግን ደጋ የሆነ ከተማ በአገራችን ሞልቷል፤ በቆጂም ከ1992 በፊት ያው ከፍታ ነበራት። ተራራው ሳንባ ይሰጣል። ከመቶ ልጆች መካከል አሯሯጧ የተለየ አንዲት ልጅ ለይቶ፣ ነገም ከነገ ወዲያም እንድትመጣ የሚያደርገው ግን በየማለዳው እዚያ የሚገኝ ሰው ነው። ይህች ያለንባት አዋሽ ሰባት ኪሎ ሙቀቷ የታወቀ፣ ቆላ ናት፤ የ10,000 ሜትር ሻምፒዮን ከዚህ ይውጣ የሚል የለም። ከበቆጂ ወደዚህ የሚመጣው ከፍታው ሳይሆን አሠራሩ ነው።

አሠራሩ ሲጠጋ ምን ይመስላል? ሮላንድ ታርፕና ሮናልድ ጋሊሞር የተባሉ ሁለት የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1974 እና 75 የውድድር ዓመት ጆን ውደን የተባለውን ታዋቂ የአሜሪካ ኮሌጅ ቅርጫት ኳስ አሰልጣኝ በልምምድ ሜዳው ተቀምጠው መዘገቡት። ከመዘገቧቸው 2,326 የማስተማር ድርጊቶች ውስጥ ሦስት አራተኛ ያህሉ መረጃ ያዘሉ ነበሩ፦ ምን ይደረግ፣ እንዴት ይደረግ፣ እንዲህ አይደለም፣ እንዲህ ነው። ሙገሳው ከመቶ ሰባት አይሞላም፤ ቁጣውም እንዲሁ። አሁን ወደ እኛ ከተማ ልምጣ። በጅቡቲ መንገድ ዳር ባለ ጎሚስታ ቤት አንድ ረዳት ጎማ ሊፈታ መኪናውን በክሪክ ያነሳል፤ ከዚያ ብሎኑን ሊያላላ ሲታገል ጎማው አብሮ ይዞራል። አንዱ ባለሙያ “አንተ ልጅ መቼ ነው ሰው የምትሆነው?” ይላል። ሌላው “በርታ፣ ትለምደዋለህ” ይላል። ሦስተኛው “አውርደው፤ ጎማው መሬት ይዞ እያለ ብሎኖቹን ትንሽ ትንሽ አላላ፣ ከዚያ አንሳው” ይላል። ከሦስቱ አሰልጣኝ የሆነው የመጨረሻው ብቻ ነው፤ ያን ለማለት ደግሞ ልጁ ክሪኩን ሲያስገባ አጠገቡ መሆን ነበረበት። ጤና ጣቢያ ውስጥም ያው ነው። የደም ግፊት መለኪያውን በሹራብ ላይ የጠቀለለች ጀማሪ ነርስ ያገኘችው ቁጥር ልክ አለመሆኑን ማወቅ የሚችለው እጇን ያየ ሰው እንጂ መዝገቡን ያነበበ አይደለም።

ያዩትን በዝርዝር ለሚናገር ለዚህ ዓይነቱ ንግግር እዚህ አካባቢ የቆየ ባህል አለ። በአፋር ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ዳጉ የሚባለውን ወሬ ይለዋወጣሉ። ነጋሪው ያየውንና ከሌላ የሰማውን ለይቶ ይናገራል፤ ሰሚው ዝርዝሩን ይጠይቃል፤ የግጦሹ፣ የውሃው፣ የሰላሙ ነገር ሳይዘለል ይነገራል፤ ወሬ ያዛባ ሰው ይጠየቅበታል። እንዲህ ያለ ጥንቃቄ ለግመልና ለፍየል ግጦሽ ከተገባው፣ አንድ ጀማሪ ስለ ሥራው የሚሰማው ቃልም ይገባዋል። “ሥራህ ደካማ ነው” የሚለው አነጋገር በዳጉ ሚዛን ወሬ እንኳ አይሆንም፤ ማን፣ የት፣ መቼ፣ ምን እንዳየ የለበትም።

ከዚህ ጋር የሚሄድ፣ ኃላፊዎችን ትንሽ የሚቆረቁር ግኝት አለ። በሲያትል የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሮናልድ ስሚዝና ፍራንክ ስሞል የታዳጊ ቤዝቦል አሰልጣኞችን ባሕርይ ሜዳ ላይ ቆጥረው መዘገቡ፤ ከዚያ አሰልጣኞቹን ስለራሳቸው፣ ልጆቹን ደግሞ ስለ አሰልጣኞቻቸው ጠየቁ። አሰልጣኞቹ ስለራሳቸው የሰጡት መልስ ከተመዘገበው ጋር እምብዛም አልተገናኘም። ልጆቹ የተሻለ ያውቁ ነበር። እንግዲህ “እኔ ሠራተኞቼን በደንብ ነው የማበቃው” የሚል ኃላፊ ካለ፣ መልሱን ከራሱ ሳይሆን ከልጆቹ ይጠይቅ። በዓመት ሁለት ጊዜ የሚሞላው የሥራ አፈጻጸም ምዘና ይህን አይተካም። የልጁን ክርን አያያዝ ለማረም ስድስት ወር የሚጠብቅ አሰልጣኝ ታውቃላችሁ?

“አዋቂን እንደ ልጅ ሊከታተሉት ነው እንዴ?” የሚለው ጥያቄ ከባድ ነው፤ በቀላሉ አላልፈውም። በእኛ ቢሮዎች ክትትል ሲባል ሰው የሚያስበው የመግቢያ ፊርማንና ማስጠንቀቂያ ደብዳቤን ነው። ያንን የፈራ ሠራተኛ አለቃው ሲመጣ ስህተቱን ይሸፍናል፤ የተሸፈነ ስህተት ደግሞ አይታረምም። የስፖርት ሜዳ ይህን የፈታበት መንገድ ልምምድን ከግጥሚያ መለየት ነው። ልምምድ ላይ የሳተ ኳስ በውጤት ሰሌዳ ላይ አይቆጠርም። ሥራ ቦታችን ግን ሁልጊዜ ግጥሚያ ነው፤ ልጁ መጀመሪያ የሚሞክረው በእውነተኛ ታካሚ ላይ፣ በእውነተኛ ደንበኛ መኪና ላይ ነው። ስለዚህ የማይቆጠር ሰዓት መፍጠር የአለቃው ሥራ ነው፦ አሮጌ ጎማ፣ የባልደረባ ክንድ፣ ያለፈ ዓመት የሂሳብ መዝገብ። እዚያ የታየ ስህተት ምዘና ውስጥ እንዳይገባም ቃል ይግባ፤ ቃሉንም ይጠብቅ። ጥብቅነት ይቅር አላልኩም። ዶክተር ወልደመስቀል ኮስትሬ ብሔራዊ የአትሌቲክስ ቡድናችንን ሲመሩ በጥብቅነታቸው የታወቁ ነበሩ። ጥብቅነታቸውን ቢሮው ውስጥ ለመድገም የሚሞክር ግን የሜዳውን ማለዳም አብሮ ይውሰድ፤ ሩቅ ተቀምጦ መቆጣት የማንም አሰልጣኝ ዘዴ አይደለም።

ጊዜ የለንም ለሚሉት አጭር መልስ አለኝ፦ ስንታየሁም መምህር ነበሩ፣ ደመወዛቸውን የሚያገኙት ከዚያው ነበር።

ከሁሉ የሚበልጠው ተቃውሞ ግን በዚህ አካባቢ የሚሰማው ነው። “እናሠለጥናለን፣ ይሄዳሉ። ሙቀቱን አይችሉትም፣ ወደ አዲስ አበባ ይመለሳሉ፤ የለፋነው ለሌላ ነው።” ይህች ከተማ መገንጠያ ናት፤ አንዱ መንገድ ወደ ድሬዳዋ፣ ሌላው በገዋኔና በሚሌ በኩል ወደ ሰመራና ጅቡቲ ይሄዳል፤ ሰው ሲሄድ ማየት እዚህ አዲስ አይደለም። ነገር ግን የሲያትሎቹ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1992 ባወጡት ሌላ ጥናት አንዳንድ አሰልጣኞችን ጥረትን እንዲያበረታቱ፣ ከስህተት በኋላም ከቁጣ ይልቅ እርማት እንዲሰጡ በአጭሩ አሠለጠኑ። በሚቀጥለው የውድድር ዓመት ከእነዚያ አሰልጣኞች ልጆች መካከል ስፖርቱን የተወው 5 በመቶ ያህል ሲሆን፣ ካልሠለጠኑት አሰልጣኞች ልጆች መካከል ግን 26 በመቶ ነበር። የሜዳ ልጅ ደመወዝ የለውም፣ የቤት አበል የለውም፤ የቆየው ስለታየ ነው። ደመወዝና መኖሪያ ቤት ዋጋ የላቸውም ለማለት አይደለም፤ በሙቀቱ ወር መብራት ለሚጠፋበት ባለሙያ እንዲህ ብል ይስቅብኛል። ግን እነዚያን መቀየር የአንድ ክፍል ኃላፊ ሥልጣን አይደለም፤ አጠገብ መቆም ግን ነው። የሚሄድም ይሂድ። የበቆጂ ልጆች ሁሉ ሄደዋል፤ ከኋላቸው የመጡት ግን ያንኑ አሰልጣኝ ፈልገው መጥተዋል።

ስለዚህ ከፊት ወንበር ለተቀመጣችሁ አንድ አደራ ብቻ አለኝ። ከእነዚህ ተመራቂዎች አንዱ ወደ እናንተ ሲመጣ፣ ቁልፍና ጠረጴዛ ከማስረከባችሁ በፊት፣ በመጀመሪያው ወር በየቀኑ በየትኛው ሰዓት ማን አጠገቡ እንደሚቆም የሰውየውን ስም ወረቀት ላይ ጻፉ። ከዚያ የዚያን ሰውዬ ሌላ ሥራ በዚያው ልክ ቀንሱለት፤ ካልቀነሳችሁለት አይቆምም።