የጀመዓችን አባላት አድራሻ አማና ነው!





ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ ሲሰሙት ትንሽ ይመስላል። ከጁሙዓ ሰላት በኋላ በየመስጂዱ በር ላይ አንድ ወረቀት ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ስም፣ ስልክ፣ ኢሜይል የሚል ሰንጠረዥ አለው። ዳዕዋ ሲኖር እንድንጠራ፣ ለታመመ ወንድም መዋጮ ሲሰበሰብ እንድንሰማ፣ የልጆች የቂርኣት ሰዓት ሲቀየር እንዲነገረን ብለን እንጽፋለን። ከዚያ በኋላ ወረቀቱ የት ይሄዳል? ማን ነው ወደ ኮምፒውተር የሚገለብጠው? ከተገለበጠስ በኋላ ይቀደዳል ወይስ ሱቅ ገብቶ የስኳር መጠቅለያ ይሆናል? ይህን የሚጠይቅ ሰው ብዙ የለም። እኛ ግን እንጠይቃለን፤ ያ ወረቀት አማና ነውና። የአማናው ባለቤት ደግሞ እዚያ ላይ ስሙን ያሰፈረው ሰው ነው። ጸሐፊውም፣ ኮሚቴውም፣ ጀመዓውም ጠባቂ ብቻ ናቸው።

ገንዘብ በአደራ የተቀበለ ሰው ገንዘቡን ለሌላ ቢያበድር ሁላችንም እንቆጣለን። አድራሻ ሲሆን ግን "ኢሜይል እኮ ነው፣ ምን አለበት?" ይባላል። ብዙ ነገር አለበት። የፌስቡክ ወይም የመሥሪያ ቤት የይለፍ ቃል ሲጠፋብን መመለሻው የሚላከው ወደ ኢሜይላችን ነው። ኢሜይላችንን የሰበረ ሰው ሌላውን ሁሉ አንድ በአንድ እየከፈተ ይሄዳል። በዚያ ላይ አድራሻዎች አንድ ላይ ሲሰበሰቡ፣ ነጠላ ነጠላውን ሲሆኑ የማይናገሩትን ይናገራሉ። የሁለት መቶ ሰው ዝርዝር ማለት ማን ከማን ጋር እንደሚሰግድ፣ ማን የትኛው ስብሰባ እንደሚጠራ፣ ማን ለምን ጉዳይ እንደሚያዋጣ የሚያሳይ መዝገብ ነው። ስም በዝርዝር ውስጥ መገኘት ምን ሊያመጣ እንደሚችል ለዚህ ጀመዓ ማስረዳት አያስፈልገንም። ከመካከላችን ዲኑን በቅርቡ የተቀበለች፣ ለቤተሰቧም ገና ያልነገረች እህት ልትኖር ትችላለች። የግል ሕይወቱን አሠሪው እንዲያውቅበት የማይፈልግ ወንድም ሊኖር ይችላል። የእነሱን ሚስጥር እንድንገልጥ ማንም አልፈቀደልንም።

አብዛኛው መበተን የሚጀምረው ደግሞ ከደግ ሰው እጅ ነው። በየጀመዓው የሚታየው እንዲህ ነው፦ ጸሐፊው ማስታወቂያ ሊልክ ይቀመጣል፣ ሁለት መቶውን አድራሻ "ለ" በሚለው ሳጥን ውስጥ ይደረድራል፣ ይልካል። በዚያች ቅጽበት ሁለት መቶ ሰዎች የሁለት መቶ ሰዎችን አድራሻ ተቀበሉ። ከነሱ የአንዱ ኮምፒውተር በቫይረስ የተያዘ ከሆነ፣ ቫይረሱ ከደብዳቤ ሳጥኑ አድራሻዎችን ለቅሞ ለማያውቋቸው ሰዎች ሊያደርስ ይችላል። አንዱ ደግሞ "ጀዛኩሙላሁ ኸይረን" ለማለት ለሁሉም መልስ የሚለውን ይጫናል። ሌላው "እባካችሁ ለሁሉም አትመልሱ" ብሎ ለሁሉም ይመልሳል። (አትሳቁ፤ እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ጀመዓ የለም።)

መከላከያው ከባድ አይደለም። ኢሜይል ስንጽፍ "ለ" ከሚለው አጠገብ ሲሲ እና ቢሲሲ የሚባሉ ሁለት ሳጥኖች አሉ። ሲሲ ውስጥ የገባ አድራሻ ለሁሉም ተቀባይ ይታያል። ቢሲሲ ውስጥ የገባው ግን ለሌሎቹ አይታይም። ጸሐፊው "ለ" በሚለው ቦታ የጀመዓውን የራሱን አድራሻ ይጻፍ፣ አባላቱን በሙሉ ቢሲሲ ውስጥ ያስገባ። የደረሰንን መልእክት ለሌላ ስናስተላልፍም ከላይ ተንጠልጥሎ የሚመጣውን የአድራሻ ሰልፍ ሰርዘን እናስተላልፍ። አንድ የዒድ መልካም ምኞት አምስት ጊዜ ሲተላለፍ የስንት ሰው አድራሻ እየጎተተ እንደሚሄድ አንድ ቀን ቁጠሩት።

የተበተነው አድራሻ መድረሻው ስፓም የሚሉት ያልተጠየቀ የማስታወቂያ ጎርፍ ነው። ነገሩ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1978 የአንድ አሜሪካ ኮምፒውተር አምራች ኩባንያ የሽያጭ ሰው፣ የዛሬው ኢንተርኔት መነሻ በሆነው አርፓኔት ላይ ወደ 400 ለሚጠጉ ሰዎች ሳይጠይቃቸው ማስታወቂያ ላከ፤ የመጀመሪያው የሚባለው እሱ ነው። ስሙ እንኳ የመጣው ከታሸገ የአሳማ ሥጋ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1937 ጀምሮ ስፓም በሚል ስም ይሸጥ የነበረውን የቆርቆሮ ሥጋ የእንግሊዝ ኮሜዲያኖች በ1970 መቀለጃ አደረጉት፤ ቃሉን ደጋግመው እየጮኹ ሌላ ወሬ እንዳይሰማ ያደርጉ ነበር። ከዚያ ነው ለዚህ ጎርፍ የተሰጠው። ሐራምነቱን ስሙ ራሱ ተናገረ ያሰኛል!

ላኪዎቹ ለምን አይሰለቹም? አንድ ሚሊዮን መልእክት ለመላክ የሚወጣው ወጪ ከምንም አይቆጠርም፤ ከሚሊዮኑ ጥቂት ሰው ቢታለል አትርፈዋል። የሚያስፈልጋቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በሕይወት ያለ፣ ሰው የሚያነበው አድራሻ። ስለዚህ ከማናውቀው ላኪ ለመጣ መልእክት "አትላኩብኝ" ብለን ስንመልስ እንኳ አድራሻው እንደሚሠራ እየመሰከርንላቸው ነው። በመልእክቱ ውስጥ ያለ ፎቶ ሲከፈትም መልእክቱ መነበቡ ለላኪው ሊታወቅ ይችላል። ሳይከፍቱ መሰረዝ ይሻላል።

ስፓም ካሰለቸን አላህ ያግራው። የሚያሳስበን ሌላው ዓይነት ነው፤ ማንነታችንን አጥንቶ፣ በስማችን ጠርቶ፣ በሚያሳስበን ጉዳይ የሚመጣው የማጥመጃ መልእክት። ይህ የሩቅ ሰው ታሪክ አይደለም። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲትዝን ላብ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2017 ባወጣው ሪፖርት፣ በአሜሪካ፣ በእንግሊዝና በሌሎች አገሮች የሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ተቃዋሚዎች የአዶቤ ፍላሽ ማሻሻያ በመሰለ የስለላ ሶፍትዌር በኢሜይል ዒላማ መደረጋቸውን አሳይቷል። ከዚያ በፊትም በሜሪላንድ የሚኖር አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ የኢትዮጵያን መንግሥት እዚያው ከሶ ነበር። በክሱ እንደቀረበው፣ ሰውየው በኢሜይል የመጣለትን አባሪ ፋይል ሲከፍት ኮምፒውተሩ ውስጥ ሰላይ ሶፍትዌር ገባ፤ የስካይፕ ንግግሩና የሚጽፈው ሁሉ ለወራት ተቀዳ። የዋሽንግተኑ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በመጋቢት 2017 ክሱን የዘጋው የውጭ መንግሥት በዚያ አገር ሕግ በዚህ ጉዳይ አይከሰስም ብሎ ነው፤ ድርጊቱ ተፈጽሟል አልተፈጸመም የሚለውን አልወሰነም።

ከዚህ ክስ ውስጥ አንዲት ነገር ልብ በሉልን። ያ ኢሜይል በቀጥታ ከባዕድ አልመጣም። የሚያውቀው ሰው ነበር ያስተላለፈለት። አስተላላፊው ምን እንደያዘ ሳያውቅ "አንብበው" ብሎ ሊሆን ይችላል። እኛም ጋ መልእክት የሚዞረው እንዲሁ ነው፤ ከኡስታዙ ወደ ተማሪው፣ ከተማሪው ወደ አጎቱ፣ እያንዳንዱ በላኪው እምነት ጥሎ ይከፍታል። ዲናችን ወሬ ሲመጣ አጣሩ ብሎ አዞናል፤ ፋይልም ወሬ ነው። ያልጠበቅነው አባሪ ከሚታወቅ ሰው ቢመጣም ደውለን "አንተ ነህ የላክኸው?" እንበል። ለመጠየቅ ማፈር አያስፈልግም፤ የተጠየቀውም አይቀየም።

ስለ መዝገቡ አያያዝ ደግሞ ይህን እንላለን። ወረቀት አዙሮ ማስጻፍ ይቅር። አሥረኛው ጻፊ ከሱ በላይ ያሉትን ዘጠኙን ያነባል፣ በስልኩም ፎቶ ሊያነሳ ይችላል። ለእያንዳንዱ ሰው ትንሽ ብጣሽ ይሰጠውና ጽፎ በሣጥን ይጨምር። ከሚያስፈልገው በላይ አይጠየቅ፤ ለዳዕዋ ጥሪ የሰው ሥራና የመኖሪያ ቀበሌ ምን ያደርጋል? መዝገቡ በጸሐፊው የግል ኢሜይል ውስጥ አይቀመጥ፤ ጀመዓው የራሱ አድራሻ ይኑረው፣ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ይደረግበት፣ የይለፍ ቃሉን ሁለት ሰው ብቻ ይወቀው፣ ከሁለቱ አንዱ ኃላፊነቱን ሲለቅም በዚያው ቀን ይቀየር። ቴሌግራም የምትጠቀሙም በግላዊነት ማስተካከያው ውስጥ የስልክ ቁጥራችሁን ማን እንደሚያይ "ማንም" በሚለው ላይ አድርጉት።

አስቸጋሪው ግን ዝርዝሩን የሚለምነው ወዳጅ ነው። የዑምራ ጉዞ አዘጋጅ ይመጣል፣ የመጽሐፍ ነጋዴ ይመጣል፣ "ለሙስሊሙ ጥቅም ነው" ይላል፤ አንዳንዴም እውነቱን ነው። ቢሆንም አይሰጠውም። የሰው ቤት ሳያስፈቅዱ መግባት እንደማይቻል ተምረናል፤ የሰው የደብዳቤ ሳጥንም እንደዚያው ነው፣ የአንኳኪው ሙስሊም መሆን ብቻውን ፈቃድ አይሆንም። ማስታወቂያው ለጀመዓው ይጠቅማል ከተባለ ኮሚቴው መርምሮ ራሱ ይላከው፤ አድራሻዎቹ ከመዝገቡ አይወጡም። የአገሪቱ ሕግም ቢሆን በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 15 ሥር ያለ ተቀባዩ ፈቃድ የሽያጭ ማስታወቂያ በኢሜይል መበተንን ይከለክላል።

"ስሜን አውጡልኝ" የሚል ሰው ደግሞ ለምን ተብሎ አይጠየቅ። እምነቱም ወዳጅነቱም በዝርዝር አይለካም። ስሙ ይሰረዝ፣ መሰረዙም ይነገረው።

ብጣሽ ወረቀቶቹና ሣጥኑ ከሚቀጥለው ጁሙዓ ጀምሮ በወንዶችም በሴቶችም መግቢያ በር ላይ ይቀመጣሉ። ከዚህ በፊት የተመዘገባችሁም ስማችሁ እንዲቆይ የምትፈልጉ በድጋሚ ጻፉ፤ ያልጻፈ ሰው ስም ይወጣል፣ የድሮው ወረቀትም ሁለት ምስክሮች ባሉበት ይቃጠላል።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።