ለባሕሩ ደቦ የሚጠራ ማነው?



ዛሬ የምናገረው ስለ ወፍ ነው። እዚህ በጎንደር ዙሪያ፣ በማክሰኝት ሰው ሰብስቦ ስለ ወፍ መናገር ለአንዳንዱ የሥራ ፈት ወሬ ሊመስለው ይችላል፤ አልፈርድበትም። በእኛ አገር ወፍ የሚታወቀው ማማ ላይ ተወጥቶ በወንጭፍ ሲባረር ነው። ሆኖም ስለ ወፍ ስናገር ስለ ባሕሩ ስለ ጣና፣ ስለ ሽምብራው፣ ስለ ከብቱ ግጦሽና ስለ እምቦጩ አረም ጭምር መናገሬ ስለማይቀር ጥቂት ታገሡኝ።

ጥቅምት አጋምሶ ጤፉ ቢጫ መምሰል ሲጀምር ግራጫ ቀለም ያላቸው ባለረጅም አንገት ወፎች በሰማይ ተሰልፈው እየጮኹ ይመጣሉ። አጥኚዎች ክሬን ይሏቸዋል። ቁመታቸው ከአንድ ሜትር ያልፋል፤ ክንፋቸው ሲዘረጋ ከሁለት ሜትር ይበልጣል። የሚፈለፈሉት በምሥራቅ አውሮፓና በምዕራብ ሩሲያ ረግረጎች ነው። ኢስቶኒያ ውስጥ መከታተያ መሣሪያ የታሰረላቸው ክሬኖች ዩክሬንን፣ ቱርክን፣ እስራኤልንና ሱዳንን አቋርጠው ኢትዮጵያ ሲገቡ በሳተላይት ታይተዋል። በዚያ አገር ውሃው በረዶ ሆኖ ምግብ የሚጠፋበት ወቅት እኛ ዘንድ የአጨዳና የውቂያ ወቅት ነው። ስለዚህ በፎገራ፣ በሊቦ ከምከም፣ በጎንደር ዙሪያና በደምቢያ ሜዳ ቀን ቀን ከማሳው የወደቀውን እህል ይለቅማሉ፤ ሲመሽ ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ። ውሃው ጅቡንና ቀበሮውን ይከለክልላቸዋል። የካቲትና መጋቢት ላይ፣ እኛ ጾም ስንይዝ፣ ወደ ሰሜን ይመለሳሉ። በጣና ዙሪያ የሚከርሙት በአሥር ሺህዎች ይቆጠራሉ።

አብረዋቸው የሚታዩ፣ ግን ወደ ሩቅ አገር የማይሻገሩ ሁለት ዘመዶችም አሏቸው። አንዱ ራሱ ላይ የወርቅ ዘውድ የመሰለ ጉንጉን ያለው ጥቁሩ ክሬን ነው፤ ሌላው ከአገጩ ሥር ነጭ ዘለላ የሚያንጠለጥለው ትልቁ ክሬን ነው። ሁለቱም በዓለም አቀፍ ደረጃ ለጥፋት ተጋላጭ ተብለው ተመዝግበዋል። እንግዳው ክሬን ከእኛ የሚፈልገው ማደሪያና የወደቀ እህል ነው። እነዚህ ግን እዚሁ ረግረግ ውስጥ፣ ሣሩ መሐል ጎጆ ይሠራሉ፤ ባለ ዘለላው አብዛኛውን ጊዜ በዓመት ከአንድ ጫጩት በላይ አያሳድግም። ስለዚህ አንድ ረግረግ ታርሶ ሲያልቅ እንግዳው ሌላ ማደሪያ ሊፈልግ ይችላል፤ የቤት ልጁ ግን ዘር ሳይተካ ይቀራል። እኔን የሚያሳስበኝ ከእንግዳው ይልቅ ይኸኛው ነው።

የጎንደርን ወፎች መመዝገብ የጀመሩት ባዕዳን ናቸው። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1770 ወደ ጎንደር ሲመጣ ላማልሞ ተራራ ላይ ከአሽከሮቹ ምሳ ሥጋ ሊነጥቅ የመጣውን ትልቅ አሞራ ተኩሶ ገደለና መዝኖ፣ ለክቶ፣ በመጽሐፉ ንስር ብሎ ጻፈው። የፍራንክፈርቱ ኤድዋርድ ሩፕል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1832 እና 1833 ሰሜን ተራሮችንና ጎንደርን ዞሮ የሰበሰበው የወፍና የእንስሳ ናሙና በከተማው ወዳለው ዜንከንበርግ ሙዚየም ገባ። ስሙ የተሰጣቸው ወፎች ዛሬም በጎንደር ግንቦች ላይ ይበራሉ። ሰዎቹን አልወቅስም፤ እነሱ ባይጽፉ ምንም አይኖረንም ነበር። ችግሩ ልማዱ መቀጠሉ ነው። ስለ ጣና ወፎች ለማወቅ የሚፈልግ የማክሰኝት ተማሪ ዛሬም መልሱን የሚያገኘው በጀርመንኛና በእንግሊዝኛ በተጻፈ መጽሔት ነው። ከባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ እነ ዶክተር ሽመልስ አይናለም በዚህ ረገድ ብዙ ሠርተዋል፤ የጣናን ወፎች በፎቶግራፍ ያስተዋወቀው መጽሐፍም የእሳቸው ነው። ግን ጥቂት ሰዎች ምን ያህል የጣና ዳርቻ ይሸፍናሉ?

ሕጉና ማዕረጉ አልጎደለንም። እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተው የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣው መዝገብ በአገሪቱ ለወፎች እጅግ አስፈላጊ የሆኑ 69 ቦታዎችን ሲዘረዝር ጣናንም የፎገራን ሜዳም አስገብቷል። ኢትዮጵያ የአፍሪካና የዩሮኤዥያ ተጓዥ የውሃ ወፎችን ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 ተቀላቅላለች። በሰኔ 2007 ዓ.ም ደግሞ ዩኔስኮ ጣናን በባዮስፌር ክልልነት መዘገበ፤ ስፋቱ 695,885 ሄክታር ነው። ከዚህ ውስጥ ጥብቅ የሚባለው 22,841 ሄክታር ብቻ ነው። የቀረው ሰው የሚያርስበት፣ ከብት የሚያሰማራበት፣ የሚኖርበት መሬት ነው። ስለዚህ ጣና ዘበኛ ቆሞበት ሰው የማይገባበት ፓርክ አይደለም፤ ሊሆንም አይችልም። የሚጠበቀው በሚኖርበት ሰው ከሆነ ነው፤ ካልሆነም አይጠበቅም።

የሚኖርበት ሰውስ ምን ገጠመው? በ1988 ዓ.ም አካባቢ በዓባይ መውጫ ላይ የጨረጨራ ግድብ ከተሠራ ወዲህ የባሕሩ ከፍታ በሰው እጅ ገባ፤ በ2002 ዓ.ም የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ሥራ ሲጀምር ደግሞ ይበልጥ። ውሃው ሲሸሽ የሚገለጠውን የባሕር ሽሽት መሬት ገበሬው ተከትሎ ያርሰዋል፤ ሽምብራ፣ ጓያ፣ ሩዝ ይዘራበታል። መሬት አጥቶ የተቀመጠ ወጣት ባዶ ሆኖ የሚታይ እርጥብ ጥቁር አፈር ቢያርስ ማን ይፈርድበታል? ግን ያ መሬት ፊላና ደንገል የሚበቅልበት፣ አምባዛ የሚራባበት፣ ደለሉ ባሕር ከመግባቱ በፊት የሚያርፍበት ነበር። በፎገራ ያሉት ሸሸርና ወላላ የሚባሉት ረግረጎች በእንዲህ ዓይነት እርሻና ከወንዝ ጎርፍ በመነጠል በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ እጅግ ጠብበዋል።

ከዚያ እምቦጩ መጣ። ይህ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ አረም በአገራችን መጀመሪያ የታየው በቆቃና በአዋሽ እ.ኤ.አ. በ1965 ነው፤ በጣና ላይ በይፋ የታወቀው በ2004 ዓ.ም መግቢያ ነው። የጀመረውም በእኛ በኩል፣ በመገጭ አፍና በሰሜን ምሥራቁ ዳርቻ ነበር። ምቹ ሁኔታ ካገኘ በሁለት ሳምንት ገደማ እጥፍ ይሆናል፤ ዘሩ ጭቃ ውስጥ እስከ 20 ዓመት ሳይሞት ይቆያል። ወንዙ ይዞት የሚመጣው የማሳችን አፈርና ማዳበሪያ ደግሞ ቀለቡ ነው። ምንጣፍ ሆኖ ሲሸፍነው ታንኳ አያስኬድም፣ መረብ አያስጥልም፣ ክሬኑ ቆሞ የሚያድርበትን ዳርቻም ይዘጋል።

በዚህ ጊዜ የሆነውን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። የጎንደር ዙሪያና የደምቢያ ገበሬ፣ የላምባ አርባእቱ እንስሳ ቀበሌ ሰው፣ ከማንም በፊት እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቀለ። አልቅቱን፣ ቢልሃርዝያውን፣ ቁስሉን ችሎ። ኋላ ወጣቱ ከጎንደር፣ ከባሕር ዳር፣ ከአዲስ አበባ በአውቶቡስ መጣ፤ ከውጭ አገር ያሉ ወገኖችም ገንዘብ ላኩ። ማሽን ተሠራ፣ ተገዛም፤ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ግን ማሽን እንደ ልብ አይንቀሳቀስም። በጥቅምት 2013 ዓ.ም ደግሞ የአንድ ወር ታላቅ ዘመቻ ታወጀ። ብዙ ቦታ ጸዳ። ከዚያስ? ተነቅሎ ዳር ላይ የተከመረው ሳይቃጠል ወይም ሳይርቅ የቀረበት ቦታ ክረምት ሲገባና ባሕሩ ሲሞላ ተመልሶ ገባ። የተረሳች ጥቂት ሥርም ለሚቀጥለው ዓመት በቃች።

ዘመቻን አላጣጥልም፤ ያለ ዘመቻ ያ ሁሉ ሄክታር አይነሳም ነበር። ግን ዘመቻ የሚያልቅበት ቀን አለው፤ አረሙ ግን የለውም። እኛ ደግሞ ከዘመቻ የቆየ የራሳችን አሠራር አለን። ደቦ ሲጠራ ጠሪው ይታወቃል፤ ጠላውን ይጠምቃል፣ እንጀራውን ይጋግራል፣ ማሳውን ያሳያል፣ ሥራው ሲቀር የሚያፍረው እሱ ነው። ወንፈል ላይ ደግሞ ዛሬ ለእኔ የመጣህ ነገ ለአንተ እመጣለሁ። ሁለቱም የሚሠሩት ባለቤት ስላለ ነው። ባሕሩ ግን የሁሉም ሆኖ የማንም አልሆነም፤ የ2013ቱን ደቦ የጠራው መንግሥት ነበር፣ ጠሪው ወደ ሌላ ጉዳይ ሲዞር የሚጠራ ጠፋ። የጣና ገዳማት ደሴቶች ላይ ዛፉ የቆመው ባለቤት ስለነበረው ነው፤ መነኩሴው ይጠይቃል፣ ምእመኑም ይፈራል። ዳርቻው ግን እንዲህ ያለ ጠያቂ የለውም።

የውጭ አገር ልምድ ብትጠይቁኝ ክሬኑ ራሱ የሚያርፍበትን አንድ ቦታ ልጥቀስ። በሰሜን እስራኤል የሁላ ሸለቆ ረግረግ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ለእርሻ ተብሎ ደረቀ። አፈሩ ተቃጠለ፣ አቧራ ሆነ፣ ከሥር ያለውን ሐይቅ አቆሸሸ፤ በመጨረሻ እ.ኤ.አ. በ1994 ከፊሉን መልሰው ውሃ ሞሉት። ክሬን በገፍ መጣና የኦቾሎኒ ገበሬውን አስመረረ። እዚያ ገበሬውና የተፈጥሮ ተቆርቋሪው ተስማምተው ለወፎቹ ለብቻ በተለየ ቦታ በቆሎ በትራክተር ይበትኑላቸው ጀመር። እኛ በቆሎ ገዝተን ለወፍ የምንበትንበት አቅም የለንም፤ ይህን ልመና አድርጌ ባቀርብ ይሳቅብኛል። ግን አንዱ ትምህርት ይጠቅመናል፤ ገበሬውን ሳያስቀምጡ ስለ ወፍ አልወሰኑም።

ከሆለታ አጠገብ ያለው የበርጋ ረግረግ ይበልጥ ይቀርበናል። እዚያ በክረምት የምትራባ፣ በዓለም እጅግ ጥቂት የቀረች ትንሽ ክንፈ ነጭ የረግረግ ወፍ አለች። የሠፈሩ ሰው ተደራጅቶ ቦታውን ይጠብቃል፤ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበሩና ከደቡብ አፍሪካ ያሉ ወዳጆቹም ልጆቹ የሚማሩበት ትምህርት ቤት እንዲሠራ አግዘዋል። ወፏ ለሠፈሩ ትምህርት ቤት አመጣች፤ ሠፈሩም ደቦ ጠሪ ሆነ።

እንግዲህ እዚህ ምን እንጀምር? እኔ የምለው ቆጠራ እንጀምር ነው። ዓለም አቀፍ የውሃ ወፎች ቆጠራ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ በየዓመቱ በጥር አካባቢ ይካሄዳል፤ በአፍሪካ ከ1991 ወዲህ። በጥር የሆነበት ምክንያት ያን ጊዜ ወፉ ከቦታ ቦታ ብዙ ስለማይዘዋወር ነው። ለእኛም ከጥምቀት በኋላ ውቂያው የሚቀልበትና እምቦጩን ለማውጣት ውሃው የሚሸሽበት ጊዜ ነው። ክሬን የሚቆጠረው ማታ ወደ ማደሪያው ሲገባ ወይም ንጋት ላይ ሲወጣ ነው። እያንዳንዱ ቆጣሪ የራሱ የሰማይ ወሰን ይሰጠዋል፤ አንዱን መንጋ ሁለት ሰው እንዳይቆጥረው ሰዓቱና አቅጣጫው ይጻፋል። ትልቅ መንጋ ሲሆን መጀመሪያ አሥሩን ቆጥሮ አሥር ምን ያህል ቦታ እንደሚይዝ ዓይን ይለማመዳል፤ ከዚያ በአሥር በአሥር ይኬዳል። ጭንቅላታቸው ቡናማ የሆኑት የዘንድሮ ልጆች ለብቻ ይመዘገባሉ፤ በዚያ ቁጥር የሰሜኑ እርባታ እንዴት እንደነበረ ይታወቃል። ባዶ ሆኖ የተገኘ ረግረግም ባዶ ተብሎ ይጻፋል፤ ብዙ ጊዜ ከሁሉ የሚያስተምረው እሱ ነው።

ይህን ለማድረግ መነጽርና እርሳስ፣ ደግሞም ጨለማ ሳይገባ ቤቱ የሚደርስ ሰው ይበቃል። መንገድ በሚዘጋበት ዘመን ከአዲስ አበባ ወይም ከውጭ ቆጣሪ መጠበቅ አያዋጣም፤ የጣና ዳር ቀበሌው ልጅ ግን ሁሌም እዚያው ነው። የማክሰኝት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህራን ክበብ ቢያቋቁሙ፣ ከጎንደር ዩኒቨርሲቲ አንድ ባለሙያ ቢያሠለጥን፣ ገበሬው መንጋው የት እንደሚያድር ቢያሳይ በሚቀጥለው ጥር መጀመር ይቻላል። ቆጣሪው በሄደበት ዳርቻ ሁሉ የእምቦጩን አዲስ ብቅታም ይጽፋል። አረሙ አሥር ሥር ሳለ የሚያየው ሰው ካለ፣ ሺህ ሄክታር ሲሆን ዘመቻ መጥራት አያስፈልግም።

አንድ ነገር ላክል፤ ከጣና ዳር የመጡት ገበሬዎች ሊሉኝ ያሰቡትን ስለማውቀው ነው። ክሬኑ ሽምብራ ይበላል። እውነት ነው፤ በተለይ ዘሩ ገና ሲበቅል። ስለዚህ ቅጹ ላይ የወፉ ቁጥር ብቻ ሳይሆን የየትኛው ገበሬ ማሳ ምን ያህል እንደተጎዳ፣ በየትኛው ሳምንት እንደሆነም ይጻፍ። ከሁለትና ከሦስት ዓመት መዝገብ በኋላ መቼ ብንዘራ፣ የትኛውን ማሳ ብንጠብቅ፣ የትኛውን ብንተው እንደሚሻል ተቀምጠን መነጋገር እንችላለን። መዝገቡ በሁለት ቅጂ ይሁን፤ አንዱ ወደ ዩኒቨርሲቲው ይሂድ፣ አንዱ እዚሁ ትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ። ሩፕል የሰበሰበውን ለማየት ፍራንክፈርት መሄድ ይኖርብናል፤ የራሳችንን ግን ማክሰኝት ላይ እናንብበው። የሚመዘገብ ሰው ካለ ከአዳራሹ ስንወጣ በር ላይ መምህራኑ ወረቀት ይዘው ይጠብቃሉ።