ቁልፉን ለደዋይ አንስጥ
(በነዋሪዎች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



አንዲት እናታችን በቅርቡ «ከባንክ ነው» የሚል ስልክ ተደወለላቸው። ሰውዬው አንድ ፕሮግራም ስልካቸው ላይ አስጫናቸው፤ የወጣውን ቁጥር አነበቡለት፣ «ፍቀድ» የሚለውንም ነኩ። ከዚያማ ስልኩ የእሱ ሆነ! የመጣላቸውን የምሥጢር ቁጥር እያየ ገንዘባቸውን ወሰደ።

ፕሮግራሙ ጥፋት የለበትም። ለምሳሌ ኤኒዴስክ እ.ኤ.አ. በ2014 ጀርመን አገር በተቋቋመ ድርጅት የተሠራ ነው፤ ውጭ ያለ ልጅ የእናቱን ኮምፒውተር ከሩቅ ያስተካክልበታል። ነገር ግን እኛ የጠራነው ሌላ፣ የደወለልን ሌላ።

ይህ የገጠመን እንደሆነ ኢንተርኔቱን ወዲያው እንዝጋ፣ በሌላ ስልክ ለባንካችን እናስታውቅ፣ ፕሮግራሙን እናጥፋ፣ የይለፍ ቃሉንም እንለውጥ።

እናታችን የሚያፍሩበት ነገር የለም። ስልኩ የሚቸግራችሁ ቅዳሜ ከሰዓት ወደ ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት ብቅ በሉ፤ ልጆቹ ያሳዩዋችኋል።