ሽሮና ሸራ

እሷ፦ ስድስት ኪሎ አካባቢ አንዲት ክፍል የተከራየ ወጣት ሠዓሊ አስብ። ማድ ቤቱም፣ መኝታውም፣ ስቱዲዮውም እዚያችው ናት።

እሱ፦ ሸራው ሽንኩርት ሽንኩርት ይላላ!

እሷ፦ ይላል እንጂ! ሽሮ መሥራት ግን ቀልድ መሰለህ? ሽንኩርቱን መጀመሪያ ያለ ዘይት፣ ውሃ ጠብ እያደረግክ ታቁላላለህ። ቀላ ሲል ዘይት፣ ቀጥሎ ውሃ፤ ሲፈላ ሽሮውን እየነሰነስክ ታማስላለህ። እጅህ ከዘገየ ይጓጉላል።

እሱ፦ መብራት ከጠፋስ?

እሷ፦ ከሰል ነዋ! ግን ደጅ አውጥቶ፤ የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፣ ይገድላል።

እሱ፦ እንጀራው ከሱቅ፣ ሽሮው ከእናት።

እሷ፦ እናት ባትልክ ስንቱ ሠዓሊ ጾሙን ያድር ነበር! ለእኔ ካፌ ተቀምጦ ስለ ሥዕል ከሚያወራው፣ እያማሰለ የሚሥለው ይሻለኛል።

እሱ፦ ጓደኞቼን ነካሽብኝ! በሉ ሙዚቃ እናስገባ።