ወንድምና እኅት፤ ሳሮድና ሱርባሃር

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በመጨረሻው ክፍል ተማሪዎች ስም የተደረገ ንግግር)



ስለ ሙዚቃ እንድንናገር በታዘዝን ጊዜ የመረጥነው ከአንድ ቤት የወጡትን ሁለት ሕንዳውያን፣ አሊ አክባር ካንንና እኅቱን አናፑርና ዴቪን ነው። ወንድሙን ዓለም ሰምቶታል፤ እኅቱን የሰሟት ግን ጥቂቶች ናቸው። ይህ ልዩነት ከምን እንደ መጣ በክፍላችን ብዙ ስላከራከረን ለእናንተም ልናቀርበው ወደድን። ዓመቶቹን ሁሉ የምንጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

አባታቸው ኡስታድ አላውዲን ካን በመካከለኛው ሕንድ በምትገኘው በማይሃር የቤተ መንግሥት ሙዚቀኛ ነበሩ። አሊ አክባር በ1922፣ አናፑርና በ1927 ተወለዱ። ቤተ ሰቡ እስላም ሲሆን ልጅቱም ሮሻናራ ስትባል፣ ሂንዱ የሆነው የማይሃር ገዥ አናፑርና ብሎ ሰየማት፤ በዚሁም ስም ታወቀች።

የቤቱ ትምህርት በጽሑፍ አልነበረም። መምህሩ ያሰማል፤ ተማሪው እስኪዋሐደው ድረስ ይደጋግማል። የሚማሩትም ራጋ የሚባለውን ነው። ራጋ ከእኛ ቅኝት ጋር በጥቂቱ ይመሳሰላል፤ ነገር ግን ብዙዎቹ ራጋዎች የሚጫወቱበት የተወሰነ ሰዓት አላቸው፤ የንጋቱ ለምሽት አይሆንም። አሊ አክባር በልጅነቱ በቀን እስከ 18 ሰዓት ይለማመድ እንደ ነበር ራሱ ተናግሯል፤ ዱላም አልቀረለትም። (ይህን ስንሰማ ስለ ፈተና ጥናት ማጉረምረማችንን ለጥቂት ቀን ተውን።)

አናፑርናን ግን አባትዋ ሊያስተምሯት አልፈለጉም። ታሪኩ እንዲህ ይነገራል። ታላቅ እኅትዋ ጃሃናራ ሙዚቃ ተምራ በተዳረች ጊዜ አማትዋ ነገሩን ጠልታ ታንፑራዋን አቃጠለችባት። አባት በዚህ ልባቸው ተሰብሮ ሁለተኛይቱን ልጅ ከመከራ ለማዳን ሲሉ ከሙዚቃ አራቋት። ልጅቱ ግን የወንድምዋን ትምህርት በጆሮዋ ትይዝ ነበር። አንድ ቀን አሊ አክባር ሲለማመድ ቢሳሳት፣ አባታችን ያስተማሩህ እንዲህ አይደለም ብላ አዜመችለት። አባትየው ከኋላዋ ቆመው ሰሟት፤ ከዚያን ቀን ጀምሮም ያስተምሯት ጀመር። በመጀመሪያ ሲታር፣ በኋላም ሱርባሃር ሰጧት። ሱርባሃር ከሲታር የሚተልቅ፣ ድምፁ የወፈረና የረጋ መሣሪያ ነው፤ ችኩል ሰው አይችለውም።

የወንድሙ መሣሪያ ሳሮድ ነበረ። ሳሮድ እንደ ጊታር የድምፁን ቦታ የሚያመለክት ዘንግ የለበትም፤ አንገቱ በብረት የተለበጠ ስለ ሆነ ጣት እየተንሸራተተ ድምፁን ይስባል። አሊ አክባር በ1955 ይሁዲ መኑሂን የተባለው ስመ ጥር የቫዮሊን ተጫዋች ጋብዞት ኒው ዮርክ ሄደ፤ በዚያም በአደባባይ ተጫወተ፤ ሸክላም አስቀረጸ፤ በቴሌቪዥንም ታየ። በ1956 በካልካታ፣ በ1967 ደግሞ በካሊፎርኒያ ትምህርት ቤት ከፈተ። በ1971 ለባንግላዴሽ ስደተኞች ርዳታ በኒው ዮርክ በተደረገው ታላቅ ትርኢት ከራቪ ሻንካር ጋር ተጫወተ። በ2009 እስኪሞትም ድረስ ማስተማሩን አልተወም።

ራቪ ሻንካር የአባትየው ደቀ መዝሙር ነበር፤ አናፑርናንም በ1941 አግብቷታል። ባልና ሚስት አብረው በሕዝብ ፊት ሲጫወቱ የእርስዋ ምስጋና በዛ ይባላል። በኋላ ግን መድረኩን ተወች። እርስዋ ስትናገር፣ የሕዝቡ አድናቆት ባልዋን ደስ እንዳላሰኘው ስለ ተሰማት፣ ራስዋም መድረክን እጅግ የምትወድ ስላልነበረች እንደ ተወችው ገለጸች፤ እርሱ ደግሞ እንድትጫወት ይገፋፋት እንደ ነበር ተናገረ። እኛ በሁለቱ መካከል ዳኛ ልንሆን አንችልም። ትዳሩ ፈረሰ፤ እርስዋም ቦምቤይ በሚገኘው ቤትዋ ተወስና በ2018 እስክታርፍ ድረስ ለሕዝብ አልተጫወተችም።

በክፍላችን ክርክሩ የተነሣው እዚህ ላይ ነው። አንዳንዶቻችን ዝምታዋን ትሕትና ነው ብለን አመሰገንነው። ከመካከላችን ያሉት ሴቶች ተማሪዎች ግን፣ አሊ አክባርን ከቤትህና ከሳሮድህ አንዱን ምረጥ ያለው ማን ነው? ብለው ጠየቁ። ለዚህ መልስ አላገኘንም። ስለዚህ ከክርክሩ በኋላ የአብዛኞቻችን አሳብ ይህ ነው፤ ዝምታዋን በራስዋ ፈቃድ መርጣው ቢሆንም እንኳ፣ ለሰሚው ኪሣራ ነውና እንደ ጌጥ ልናወድሰው አይገባም።

ዝም አለች ማለት ግን ሥራ ፈታች ማለት አይደለም። ስመ ጥሩ የሲታር ተጫዋች ኒኪል ባነርጂ ከአባትየውም፣ ከወንድምየውም፣ ከእርስዋም ተምሯል። ዋሽንት ነፊው ሃሪፕራሳድ ቻውራሲያ ወደ እርስዋ በመጣ ጊዜ ታዋቂ ሰው ነበረ፤ የተማርከውን ትተህ እንደ ገና ከሀ ጀምር አለችው። እርሱም ቁርጠኛነቱን ለማሳየት፣ ዋሽንቱን በቀኝ በኩል ይይዝ የነበረውን ወደ ግራ አዞረው፤ ከዚያም ወዲህ በግራው የሚነፋ ሆነ። የሱርባሃር መምህር ዋሽንት አስተማረች ብትሉ፣ እርስዋ የምታስተምረው እያዜመች ስለ ነበረ መሣሪያው አያግዳትም ነበር።

አሁን በድምፅ ማጉያው ሁለት ቅጂ እናሰማችኋለን። በመጀመሪያ የአሊ አክባርን ሳሮድ፤ ይህ ጥርት ያለ ነው። ሁለተኛው የአናፑርና ሱርባሃር ነው፤ ከእርስዋ የተረፉት ቅጂዎች እጅግ ጥቂት ናቸው፤ ይህም የሚያሾክሹክ ድምፅ አለበት፤ ስለዚህ በኋላ ወንበሮች ያላችሁ ወደ ፊት ቀረብ እንድትሉ እንለምናለን።